ግራ እጅዎን ያንሱ

ዛሬ ሰመራ ጥርስ ሐኪም ቤት፣ ሐኪሟ ገና ሳትነካኝ ግራ እጄን ጨብጬ ወደ ላይ አነሳሁ።

«አባባ፣ ካመመዎት ግራ እጅዎን ያንሱ አልኩ እንጂ፣ ገና እኮ አልጀመርኩም!» አለችኝ እየሳቀች።

ልጄ፣ አንቺ በደርግ ጊዜ አልተወለድሽም።

ያኔ አሳይታ ሱቅ ነበረኝ። አንድ ቀን ጉንጬ አብጦ የቀበሌ ስብሰባ ሄድኩ፤ መቅረትማ አይታሰብም። ሁሉም ግራ እጁን አንስቶ መፈክር ሲያሰማ እኔ እጄን ብቻ አነሳሁ።

ካድሬው አየኝ። «ለአብዮቱ ሲሆን አፍህ አልከፈት አለ?»

«ወላሂ ጥርሴን አሞኝ ነው፣ ጓድ።»

«እንግዲያው እናስከፍተዋለን» ብሎ ከጤና ጣቢያው ድሬሰሩን ከነጉጠቱ አስጠራ። ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች ጨምድደው ያዙኝ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ያለ ማደንዘዣ ነቀለው።

የነቀለው ደህናውን ነበር። (ተሳስተሃል ብለው ሌላም ሊነቅል አይደል?)

ደም እየተፋሁ መፈክሩን አሰማሁ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ዛሬ ግን በመርፌ አደንዝዛ ስትነቅልልኝ ምንም አልተሰማኝም።

ያን ቀን ካጨበጨባችሁት አንዳንዶቻችሁ እዚሁ ፌስቡክ ላይ ጓደኞቼ ናችሁ። እስቲ ጻፉልኝ፤ የእናንተ ጥርስ እንዴት ነው?