እስከ ሞያሌ ብቻ

ከነገሌ ልወጣ ስል፣ በዋዜማው ማታ ዳሩኝ። እንዲህ ስላችሁ አትደንግጡ፤ ያኔ የደነገጠ ሰው አልነበረም። እኔ ራሴ ስስቅ ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤቱ ዩኒቨርሲቲ አላስገባኝ ሲል፣ ሁለት ዓመት አባቴ ሱቅ ተቀምጬ ቁልፍ ስተክል ኖርኩ። አባቴ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የጦር ካምፑን ወታደሮች ሱሪ የሚያሳጥሩት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ያክስቴ ጓደኛ ናይሮቢ፣ ኢስሊ የሚሉት ሰፈር፣ ጨርቅ መሸጫ ውስጥ ሥራ አገኘችልኝ። አባቴ ሥራውን አልጠሉትም፤ የጠሉት መንገዱን ነው። ሴት ያለ መህረም ሩቅ አትሄድም አሉ። መህረም ማለት እንግዲህ አባት፣ ወንድም ወይም ባል ነው። ወንድም የለኝም፣ የአባቴ ወገብ ደግሞ መኪና አይችልም።

በዚያ ሰሞን አደን የሚባል ነጋዴ ሱሪ ሊያሰፋ መጣ። በአይሱዙ ከሞያሌ ሸቀጥ የሚያመላልስ፣ ጥርሱ የማይከደን ሰው ነው። ወሬያችንን ሰምቶ፣ "እኔ ልሁናት፣ እስከ ሞያሌ ብቻ" አለ። "ማታ ኒካህ ይታሰር፤ ሞያሌ ስንደርስ እፈታታለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ከነጋዴ ሴቶች ጋር አውቶቡስ ትሳፈራለች። ሸሪዓውም አይነካ፣ ልጅቷም ትድረስ።" እናቴ ሳቀች። አባቴ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱና "ይሁን" አሉ።

ከመግሪብ ሶላት በኋላ ሁለት ምስክሮች ተቀመጡ። መህሬ፣ ጥሎሼ ማለት ነው፣ አንድ ሻርፕ ሆነ። ሼሁ ፈቅጄ እንደሆነ ሲጠይቁኝ ከመጋረጃው ኋላ ሳቅ አመለጠኝ፤ በዚያው አለቀ። ጎህ ሲቀድ ጋቢና ውስጥ ነበርኩ፣ እናቴ ለመንገድ የቋጠረችልኝን ይዤ፣ በእኔና በባሌ መሀል የቴርሞስ ካርቶን አስቀምጬ።

ዱብሉቅን አለፍ ብሎ ባለው ኬላ ላይ ፖሊሱ አንገቱን አስገብቶ አየን።

"ይቺ ምንህ ናት?"

"ባለቤቴ።"

"ካርቶኑስ ምናችሁ ነው?"

አደን እየሳቀ ካርቶኑን አንስቶ ከወንበሩ ኋላ ወረወረው። ኬላውን ካለፍን በኋላም አልመለሰውም። እኔም መልሺው መልሺው እያለኝ እጄን ሰብስቤ ሜጋን አለፍን።

ሞያሌ የፍየል ጥብስ አዘዘና በላን። "በል እንግዲህ፣ ፈትቼሻለሁ በለኝ" አልኩት። አኝኮ እስኪውጥ አስጠበቀኝ።

"ሀዋ፣ ኒካህ ቀልድ አያውቅም። መድረሳ አላስተማሩሽም? በቀልድ የታሰረ የምር ይታሰራል።"

"ቃል ገብተህ ነበር።"

"ቃሉን የገባሁት ሱቅ ውስጥ ነው። ኒካሁ ሼሁ ፊት ነው።"

አልጮኸም፣ አልነካኝምም። ያስፈራኝም ይኸው ነው። ሂጂ ሥሪ አለኝ፤ ሚስቴ ብትሠራ ደስ ይለኛል፣ ስፈልግሽ እመጣለሁ። መህረም የታዘዘው ሴት መንገድ ላይ እንዳትፈራ ነው ብለው አስተምረውኛል። እኔ በዚያ ሁሉ መንገድ የፈራሁት አንድ ሰው ቢኖር መህረሜን ነው።

ናይሮቢ ትበርዳለች። ከነገሌ ወደ ደጋው፣ ወደ ቦሬ የወጣ ሰው ብርዱን ያውቀዋል፤ ያው ጭጋግ ነው፣ እንሰቱ ብቻ የለም። ወተቱ በፓኬት ነው የሚሸጠው፤ የታጠነ ወተት ጠጥቶ ላደገ ሰው ነጭ ውሃ ነው። ማታቱ የሚሉት ታክሲ ውስጥ ሙዚቃው ጆሮ ያደነቁራል፤ ፖሊሱ ደግሞ ኪፓንዴ፣ መታወቂያ ማለት ነው፣ አምጪ ይላል። ይህን ሁሉ ለመድኩት። ያልለመድኩት የቤት ኪራዩን ጥያቄ ነው።

አከራዬ ማማ ሩቂያ የማርሳቢት ቦረና ናቸው። "አካም፣ ነጋ?" ብለው ባገሬ ቋንቋ ሰላም ሲሉኝ ላቅፋቸው ምንም አልቀረኝ። ወዲያው ግን "ባል አለሽ?" አሉኝ።

"እስከ ሞያሌ ነበረኝ።"

"ከሞያሌ ወዲህስ?"

"እያጣራሁ ነው።"

"እኔ የማከራየው ቤት ነው እንጂ ፍርድ ቤት አይደለም። አለሽ ወይስ የለሽም? ለላጤ ሴት አላከራይም።"

ዝናቡ ሻንጣዬን እያበሰበሰው ነበር። አለኝ አልኩ። "እሺ፣ የመጣ ቀን በሩን እኔው እከፍትለታለሁ፤ ባል ነዋ" ብለው ቁልፉን ሰጡኝ።

ከዚያ በየመስጊዱ መዞር ጀመርኩ። አንዱ ሼህ ኒካሁ ጸንቷል አሉ፤ ሳቅሽም ፈቃድ ነው፣ ልጃገረድ ተጠይቃ ዝም ካለች ወይም ከሳቀች እሺ ብላለች አሉኝ። ካለቀሰችስ? ብላቸው፣ አለቃቀሷ ይታያል አሉ። ሌላው ደግሞ ገደብ ያለው ኒካህ ኒካህ አይደለም፣ ፈርሷል አሉ። በመጨረሻ ሴቶችን የምታስተምር አንዲት ኡስታዛ ዘንድ ሄድኩ። ሁለቱም ኪታብ ይዘው ነው የሚናገሩት አለችኝ። "የሰጡሽ አባትሽ ናቸው። እሳቸው ሲሰጡሽ ገደቡ በልባቸው ነበር ወይ? እሱን ጠይቂ።" ባልሽ ሆኖ ቢገኝም ኹልዕ አለ፤ መህሩን መልሰሽ መፈታት ትጠይቂያለሽ አለች። መህሬ፣ ያው ሻርፑ፣ ራሴ ላይ ነበር።

እኔ አላህን አልጠረጠርኩም። የጠረጠርኩት በእሱና በእኔ መሀል ቆመው የሚተረጉሙልኝን ነው። አንዳንድ ቀን ግን፣ አልዋሻችሁም፣ ሰግጄ ስጨርስ እሱንም እጠይቀዋለሁ።

አባቴን ለመጠየቅ ግን ወር ሙሉ ፈራሁ። ያስደወለኝ የአደን መልእክት ነው። ስልኬን ማን እንደሰጠው አላውቅም ነበር። "ክፍልሽ ስንት በስንት ነው? አልጋ ልጭን ነው" ይላል።

ደወልኩ። ስለ ጤና፣ ስለ ከብት፣ ስለ ጎረቤት ተጠያየቅን። የስፌት መኪናው ይሰማኛል።

"አባ፣ ያን ማታ ሲድሩኝ የምርዎን ነበር ወይስ የሞያሌውን?"

መኪናው ቆመ።

"ያለኝ ልጅ ነው እንጂ ሸቀጥ አይደለም፣ እስከ ሞያሌ ብዬ የምጭነው" አሉ። "ሰው አይቼ ነው የሰጠሁሽ። ብቻሽን ባዕድ አገር ልልክሽ ኖሯል?"

"እንዲያ ከሆነ ፍቺ እጠይቀዋለሁ። ሃይማኖቴ ይፈቅድልኛል።"

"ጠይቂው" አሉኝ፣ ሳይቆጡ። "ትናንት አልጋውን ጭኖ ወጥቷል።"

ከዚያ እናንተ ጋ ዝናብ አለ ወይ አሉኝ። አለ አልኳቸው። እነሱ ጋ እንደጠፋ ነገሩኝ። የስፌት መኪናው እንደገና ተነሳ፤ ስልኩን ግን ሁለታችንም አልዘጋነውም።