ሳይፈታ የተመለሰው አገልግል

ቡሬ ውስጥ በአንድ የእህል መጋዘን ሚዛን ላይ እሠራለሁ። በቆሎው፣ ጤፉ፣ ስንዴው በፊቴ ሲያልፍ ይውላል፤ እኔ ኪሎውን ጮክ ብዬ እጠራለሁ። አንድ ቀን ሥራ ቀዝቀዝ ሲል ጫኝና አውራጆቹ እስቲ አንተንም እንይህ ብለው እየሳቁ ሚዛኑ ላይ አወጡኝ። ከኩንታል አለፍኩ። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ፤ ምሳዬን ግን ከወትሮው አብልጬ በላሁ። ስናደድ እበላለሁ። ስደሰትም እበላለሁ። ምንም ሳልሆን ደግሞ ከሁሉ የበለጠ እበላለሁ።

ፍኖተ ሰላም ሄጄ ያየኝ ሐኪም ግፊቴ እንደጨመረ፣ ስኳሩም በር ላይ እንደቆመ ነገረኝ። እንጀራህን በግማሽ ቀንስ፣ ቅቤ ተው፣ በእግርህ ሂድ አለኝ። እሺ ብዬ ወጣሁና የመጨረሻዬ ነው ብዬ ጥብስ አዘዝኩ። እንዲህ ያለ የመጨረሻ ጥብስ ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንደበላሁ ባልናገር ይሻላል። መጋዘኑ ውስጥ ያሉ ወጣቶች ስለ ዳይትና ስለ ጂም ይመክሩኛል፤ እሰማቸዋለሁ፣ አመሰግናለሁ፣ ማታ ወደ ቤቴ ገብቼ እበላለሁ። ጾም ያከሳሃል ያሉኝም ነበሩ። እኔ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሜ፣ ከዘጠኝ በኋላ የሁለት ቀን ሽሮ በአንድ ጊዜ የምበላ ሰው ነኝ። በጾም የምወፍር እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ለዚህ ሁሉ እናቴን እከሳለሁ፤ በፍቅር ነው የምከሳት። እናቴ የምትኖረው ቋሪት ውስጥ፣ መኪና ከሚያደርሰው ከገበዝ ማርያም ከተማ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ፣ ዳገቱ አናት ላይ ነው። በየቅዳሜው አገልግል ትልክልኝ ነበር። የሚያመጣልኝ ጎረቤታችን የሆኑ ሽማግሌ እህል ነጋዴ ናቸው፤ እህላቸውን በአይሱዙ ጭነው መጋዘናችን ድረስ ሲመጡ አገልግሉን ጭናቸው ላይ አድርገው ይመጣሉ። የቆዳውን ክር ስፈታ መጀመሪያ የሚወጣው የአብሽ ሽታ ነው። ከዚያ የገብስ ቂጣ በቅቤና በአዋዜ የታሸ፣ አይብ በኮባ የተጠቀለለ፣ እንጀራው መሃል ድረስ ወጥ የጠጣ። ቡሬ ውስጥ ጥሩ ምግብ ሞልቷል፤ የዚያ ዓይነት ግን አይገኝም። ያቺን አገልግል ስፈታ ቤቴ የገባሁ ይመስለኝ ነበር።

ወደ ቤቴ መሄድ ግን ትቼ ነበር። ምክንያቱን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ያለፈው ዓመት ፋሲካ ላይ ዳገቱ እኩሌታ ላይ እንደደረስኩ ትንፋሼ ተቆረጠና አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው መነኩሲት በትራቸውን ተደግፈው አለፉኝ፤ አይዞህ አሉኝ። ታናሽ ወንድሜ ሮጦ የቄሱን በቅሎ ተውሶ መጣ። ቄሱ ራሳቸው በእግራቸው በሚወጡት ዳገት እኔ በበቅሏቸው ወጣሁ፤ ሰፈርተኛው በየደጁ ቆሞ አየኝ። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። ቀጥ ብዬ መሄድ እስክችል ድረስ ቀዬው አያየኝም ብዬ ማልኩ፤ ከዚያ በኋላ በደወሉልኝ ቁጥር ሥራ በዝቶብኛል እላለሁ።

ጥር ላይ ደግሞ አንድ ጥፋት ሠራሁ። ከሐኪሙ በተመለስኩ ማግስት ቅዳሜ ነበር፤ ሽማግሌው አገልግሉን ይዘው መጡ። ዙሪያዬን ጫኞቹ ቆመዋል። ሐኪም ወፍረሃል ብሎኛል ማለት አፈርኩ። ከፈታሁት ደግሞ እንደማልተወው አውቃለሁ። ስለዚህ ሳልፈታው መልሼ ሰጠኋቸው፤ ከእንግዲህ እንዳትልክ ይንገሩልኝ አልኳቸው። ሽማግሌው አገልግሉን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ተቀበሉኝ።

በእኛ አገር ሰው የተላከለትን እህል ሳይፈታ የሚመልሰው ሲቀየም ብቻ ነው። ቂም የያዘ ሰው የዚያን ቤት እህል አይቀምስም፤ የታረቁ ዕለት አብረው ይበላሉ። ይህንን ማንም አስተምሮኝ ሳይሆን አብሬው ያደግሁት ነገር ነው፤ ያን ቅዳሜ ግን ስለ ሆዴ ብቻ እያሰብኩ ረሳሁት። እናቴ ደግሞ የምትጠረጥረው ነገር ነበራት። አባታችን ሲሞት መሬቱ ቀዬው ላይ ለቀረው ለታናሽ ወንድሜ ሆነ። ልክ ነው፣ የሚያርሰው እሱ ነው። አንዴ ብቻ፣ ተናድጄ፣ እኔማ ለዚህ ቤት እንግዳ ሆኜ ቀረሁ ብያለሁ። ተናግሬው ረሳሁት። እሷ አልረሳችውም።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜዎቹ ባዶ ሆኑ። ወንድሜ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታው ላይ ወጥቶ ሲደውልልኝ እናቴን አቅርብልኝ እለዋለሁ፤ ደህና ናት፣ ሥራ ይዛለች ይለኛል። የማላውቀው ሐዘን ያዘኝ። ቅቤው ሳይሆን ክሩን የምፈታበት ሰዓት ናፈቀኝ። እናቴ የምታስርበት የራሷ ቋጠሮ አላት፤ በጥርስ ካልሆነ አይፈታም። ያ ቋጠሮ ናፈቀኝ። ናፍቆቱን ለማስታገስ ሆቴል ገብቼ እበላለሁ፤ ከበላሁ በኋላም ናፍቆቱ እዚያው ነው።

ሁዳዴ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሽማግሌው እህላቸውን አስመዝነው ሲጨርሱ ወደ ጎን ጠሩኝ። ዙሪያ ጥምጥም የሚወዱ ሰው ናቸው፤ ያን ቀን ግን ቀጥታ ተናገሩ።

"እናትህ ልጄ ቂም ይዞብኛል ብላ ለንስሐ አባቷ ተናግራለች። ከእኔ ጋር ሳይታረቅ እንዳልሞት ይጸልዩልኝ ብላለች።"

ነገሩን ላስረዳቸው አፌን ከፈትኩ፤ ሐኪሙን፣ ግፊቱን፣ በቅሎዋን። ከዚያ ዘጋሁት። እህል የመለስኩት እኔ ስለሆንኩ በሰው አፍ የሚመለስ ነገር አልነበረም። እዚያው ደጇ ሄጄ፣ ተቀምጬ መብላት ነበረብኝ። እዚያ ለመድረስ ደግሞ ዳገቱ አለ። በቅሎ ደግሞ አልፈልግም፤ ይቅርታ ለመጠየቅ በሰው በቅሎ አይወጣም።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ተነሥቼ እግሬን ለዳገቱ ላለማምድ በነቀምት መንገድ በእግሬ ሄድኩ። የመጀመሪያው ቀን ከከተማው ሳልወጣ ደከመኝና በባጃጅ ተመለስኩ። ባለባጃጁ እስከ ዛሬ ያስታውሰኛል። በሁለተኛው ሳምንት ያለ ባጃጅ ተመለስኩ። ሐኪሙ ያስፈራራኝ ሞት አላስነሣኝም ነበር፤ የእናቴ ቂጣ ግን አስነሣኝ። እየሄድኩ የማስበው እሱን ነው፤ ልጠግብ አይደለም፣ ከእጇ ልቀምስ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አንድ እንጀራ ለሁለት ከፍዬ ግማሹን እሸፍናለሁ። የተሸፈነው ግማሽ ሌሊቱን ሁሉ ይጠራኛል። ሁለት ጊዜ ተሸንፌለታለሁ፤ ሦስትም ሊሆን ይችላል። ሱሪዬ ሲሰፋኝ ጫኞቹ እንደገና ሚዛን ላይ ውጣ አሉኝ፤ አልወጣሁም። የእኔ ሚዛን ቋሪት ነበር።

በሁዳዴ መጨረሻ አንድ ቅዳሜ ሄድኩ። ከገበዝ ማርያም ወዲያ ብቻዬን ነበርኩ። ጠፍጣፋው ድንጋይ ጋ ስደርስ ቆሜ ተነፈስኩና ሳልቀመጥ አለፍኩት። ማንም አላየኝም። ደጃችን ስደርስ ሸሚዜ በላብ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ ነበር።

እናቴ ከጓሮ ወጣች። መጀመሪያ እሷ ነች ብዬ አላመንኩም። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሏል፤ አንገቷ ቀጥኗል፣ የእጇ አጥንት ይታያል። ቀን ሙሉ ኪሎ ሲገምት የኖረ ዓይን አለኝ፤ ስንት እንደቀነሰች ወዲያው አወቅሁት፣ ባላውቀው ደስ ባለኝ። እሷም እኔን አይታ ደነገጠች።

"ሆዴ፣ ታመህ ነው?" አለችኝ።

ጉልበቷን ስሜ ሁሉንም ነገርኳት። ሐኪሙን ነገርኳት፣ ጫኞቹን፣ በቅሎዋ ላይ ስወጣ ያፈርኩትን፣ አገልግሉን ከፈታሁ እንደማልተወው ማወቄን። ስለ መሬቱ ምንም ቂም እንዳልያዝኩ ነገርኳት። እናቴ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ፤ ከዚያ እያለቀሰች ገብታ እጇን ታጠበች።

የወንድሜ ሚስት በሩ አጠገብ ቀስ ብላ ነገረችኝ። አገልግሉ ከተመለሰ ወዲህ እናቴ እህል አይወርድላትም፤ ቅዳሜ ሲሆን ደግሞ ከነጭራሹ አትቀምስም። ለምኛታለሁ፣ ቄሱም ለምነዋታል አለችኝ። እኔ ቡሬ ላይ ለመክሳት የታገልኩባቸውን ሳምንታት እሷ እዚህ ምንም ሳትታገል ከስታባቸዋለች።

እናቴ አንድ እንጀራ በስልጆና በባቄላ ወጥ ይዛ መጣች። ፊቴ አስቀመጠችና ተቀመጠች።

"ሐኪሙ ስንት ፈቀደልህ?"

ግማሽ አልኳት። እንጀራውን መሃል ለመሃል ቆረጠችው፤ ወጡንም በማንኪያ ከፈለችው። ግማሹን ወደ እኔ ገፋች፤ ሌላውን ራሷ መብላት ጀመረች። የወንድሜ ሚስት የያዘችውን ማሰሮ ይዛ እንደቆመች ቀረች።

ያን ሁሉ መንገድ በእግሬ መጥቼ፣ ያን ሁሉ ቀን አስቤው፣ ድርሻዬ በስድስት ጉርሻ አለቀ። አራት እንጀራ ብትሰጠኝ እጨርስ ነበር። እናቴ ቀስ እያለች ታኝካለች፣ ጥቂት አርፋ ደግሞ ትጎርሳለች። ጣቴን ልሼ እጄን ሰበሰብኩ። ጨምሪልኝ ብላት የራሷን ግማሽ እንደምትሰጠኝ አውቅ ነበር።