በሰዓቱ ላይ የተሰቀለው ጓጉንቸር

አስካለች እጇን አጣጥፋ የተቀመጠችበትን ቀን የሚያስታውስ ሰው የለም። ከጎንደር መጥታ ከባሏ ከታሪኩ ጋር በቅድስቲቱ ከተማ ዳር ጊሎ በተባለ ሰፈር ከሰፈረች ወዲህ፣ መሀል ከተማ ኢትዮጵያ ጎዳና የሚኖሩትን ባልቴት ቶቫን የምትረዳው እሷ ናት።

የቶቫ የግድግዳ ሰዓት የሟች ባላቸው ነበር። ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ የአይሁድ ሰንበት በገባ ቁጥር ቀጥ ይላል፤ በሰንበት ደግሞ ሕጉ ስለማይፈቅድ አይነካም። አንድ ዓርብ አስካለች የጓዳውን ትልቅ ጓጉንቸር አምጥታ ሰዓቱን ቁልቁል እየጎተተ በሚያስኬደው ብረት ላይ አንጠለጠለችው። ፔንዱለሙ፣ ከሰዓቱ ሥር የሚወዛወዘው ዘንግ፣ ወዲያና ወዲህ በሰፊው እየተወዛወዘ ሰንበቱን ዘለቀ።

«እኔም ላይ አንድ አንጠልጥይልኝ፣ ልሩጥበት!» ብለው ቶቫ ሳቁ።

ታሪኩ ታሞ ከተነሣ ወዲህ ሰንበትን ብቻውን እንደማይቀበል ቃል ገብታለታለች። ስለዚህ ዓርብ ዓርብ ያንን ሰዓት እያየች የመጨረሻውን አውቶቡስ ትይዛለች። ሳምንታት ካለፉ በኋላ ግን አንድ ዓርብ «ገና ጊዜ አለኝ» ብላ ነጠላዋን ስታጣፋ፣ የሰንበት መግቢያው ጡሩምባ በከተማው አስተጋባ። ሰዓቱ ለካ ወደ ኋላ ቀርቶ ኖሯል። አውቶቡሱ ሄዷል፤ ስልክ አይነካም፤ በሰንበት ያን ያህል መንገድ በእግር መሄድም አይሆንም።

«ታሪኩ ምን ደረሰባት ይል ይሆን?» አለች አስካለች።

«እግዚአብሔር ያጽናናዋል፣ ልጄ። ነይ ራት እንብላ።»

በማግስቱ ሥራ የለ፣ መንገድ የለ። ፔንዱለሙን ስታይ ዋለች።

«እትዬ ቶቫ፣ ይሄ ሩቅ እየሄደ ይሆን የሚዘገየው?»

«ባለቤቴ ውዝዋዜው ሰፋም ጠበበም የሚፈጀው ጊዜ እኩል ነው ይል ነበር።»

ቅዳሜ ማታ ቤቷ ስትደርስ ታሪኩ ደጃፍ ቆሟል። «ብቻዬን ተቀበልኩት» አላት እንጂ አልተቆጣትም።

እሑድ ጠዋት ቶቫ ቤት ተመልሳ፣ እኩል ርዝመት ባላቸው ሁለት ክሮች ሁለት የበር ቁልፎች አንጠለጠለች። አንዱን እሷ በሰፊው ሳበችው፣ ሌላውን ቶቫ በትንሹ፤ በአንድ ጊዜ ለቀቁ። መጀመሪያ አብረው ሄዱ። ቆይቶ በሰፊው የሚወዛወዘው ወደ ኋላ ቀረ።

«ባሌን አሳጣሽው!» አሉ ቶቫ።

«ኧረ እውነታቸውን ነው፤ ሁለቱንም በትንሹ ብንስባቸው ልዩነቱ አይታይም። እኔ ነኝ ውዝዋዜውን በጓጉንቸር ያሰፋሁት። በአንድ ቀን የማይታወቀው መዘግየት ተጠራቅሞ አውቶቡስ አስመለጠኝ።»

ጓጉንቸሩን አወረደች፤ ሰዓት ሠሪም ጠርተው፣ ድሮም ሰዓቱን ያቆመው የነበረውን የደረቀ ዘይት አስለወጡ።

በዚያ ሳምንት ዓርብ ጊሎ ስትወርድ ፀሐይ ገና ከሕንፃዎቹ በላይ ነበረች። ታሪኩ ፌርማታው ላይ ይጠብቃታል።

«ዛሬስ ማን ቸኮለ፣ አንቺ ወይስ ሰዓቱ?»

«ሁለታችንም መንገዳችንን አሳጠርን» አለችውና ክንዱን ያዘችው፤ ወደ ቤት አመሩ፤ የሰንበቱ ሻማ ሳይበራ ይጠብቃቸው ነበር።