ሞተር የማያጠፋው ፈንታው

«ዓይኔ መንገድ ለምዶ አልተኛም አለኝ፣ እም… እም… እም…»

ፈንታው ሁለተኛው ስንኝ ጠፍቶበታል። ሃያ ዓመት ከመርሳ ወልድያ ሲመላለስ መጀመሪያውን ብቻ ያንጎራጉርና የቀረውን ለሚኒባሱ ሞተር ይተውለታል። ሞተሩም ይቀበለዋል።

ሰሞኑን ግን ሞተሩ አንዴ ከጠፋ መነሳት እምቢ ብሏል። ስለዚህ ፈንታው አያጠፋውም። ምሳውን እንኳ አንድ እጁን በሩ ላይ አሳርፎ፣ ቆሞ ይጎርሳል። የግድ ማጥፋት ሲኖርበት ቁልቁለት ፈልጎ ያቆማል፤ ተሳፋሪው ወርዶ እየሳቀ፣ እየመረቀ ይገፋለታል። ያሳሳተውም ይኸው ደግነት ነው። ሰው እስከገፋለት ድረስ መኪናው ደህና መሰለው።

ነገ ግን የእህቱ ልጅ የዮናስ ሠርግ ነው። ሙሽራውን ይዞ ውርጌሳ የሚሄደው ፈንታው ነው፤ የሙሽሪት ደጅ ደግሞ ሜዳ።

መርሳ መንገድ ዳር ባትሪ የምትሠራው ዘይነባ ዘንድ ሄደ።

«ትናንት ቻርጅ አድርጌልህ የለም እንዴ?»

«አድርገሽልኛል። ጠዋት ሞቶ አገኘሁት፤ ጎረቤት ነው የገፋልኝ። ነገ ደግሞ ሙሽራ ይዤ ውርጌሳ እሄዳለሁ።»

«አጥፋውና መብራቱን አብርተህ ቁልፉን አዙር እስቲ።»

አዞረ። ሞተር የሚያስነሳው ሞተሪኖ «ኧ… ኧ… ኧ…» እያለ፣ ሠርግ ላይ ሲያዜም እንዳነጋ ዘፋኝ ድምፁን ጎተተ። የፊት መብራቱም አብሮ ፈዘዘ። ዘይነባ መንገደኛ ጠርታ አስገፋችና ሞተሩ ሲነሳ ዲናሞውን ለካች። ቀጥላም የባትሪውን ጎን ዳበሰች፤ እንደ ቦካ ሊጥ አብጧል።

«ዲናሞህ ደህና ነው፤ ያጎርሰዋል። መያዝ ያቃተው ባትሪው ነው። ሲሞላ ውሎ ባዶውን የሚያድር ባትሪ መዳኛ የለውም። አራት ዓመት አገለገለህ፣ አሰናብተው።»

«ተይ እንጂ ዘይነባ፣ ስንት አቀበት አብረን ወጥተን! አንድ ሳምንት እንኳ…»

ዘይነባ እጇን እያጨበጨበች የሙሽሪትን ሚዜዎች ሆነች፦

«መጣ አሉ ሙሽራው ሚኒባስ ሲገፋ፣
ሱፉ አቧራ ጠጥቶ ክራቫቱ ጠፋ!»

የገፉት መንገደኞች በሳቅ ፈነዱ። ፈንታውም ሳቀ፤ ግንባሩን ግን አላበው።

«ቀይሪው! ቀይሪው በቃ!»

«አብሽር፣ ወላሂ ነገ አታፍርም።»

በማግስቱ ውርጌሳ ደርሶ ሙሽራውን አወረደ። እሱ ግን በልማዱ ሞተሩን ሳያጠፋ በሩን ተደግፎ ቆመ። የሙሽሪት አክስት ብርቱካን መጣችበት።

«ይግቡ እንጂ ጋሼ!»

«እዚሁ ይበቃኛል፣ የኔ እመቤት።»

«ቆሞ የሚበላ አማች አናውቅም!»

ፈንታው እየፈራ ቁልፉን አጠፋ። ዝምታው አስደነገጠው። መልሶ አዞረ፤ ሞተሩ ሳይለመን ብድግ አለ። አጠፋው። ደግሞ አስነሳው፤ ደግሞ አጠፋው። ሊደግም ሲል ዮናስ ከዳሱ ውስጥ ጮኸ፦

«ኧረ ጋሼ! የሚሞሸረው ባትሪው ነው እንዴ?»

ፈንታው ቁልፉን ኪሱ ከተተ። እጁን ታጠበ። ሁለተኛዋ ስንኝ ዛሬም አልመጣችለትም፤ እሱ ግን «እም… እም…» እያለ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ምግብ ፊት ተቀመጠ።