«ያኔም ነበረ ህጉ?»

ነገሩ የሆነው ባለፈው ሰመር ነው። ከአእምሮዬ አልወጣ ያለው ተበድዬ ስለነበር አይደለም። እውነት ተናግሬ የሰው ልብ የሰበርኩበት ቀን ስለሆነ ነው።

ኦክላንድ ውስጥ እትዬ ዘርፌ የሚባሉ ሴት የጽዳት ቢዝነስ አላቸው። ተከራይ የለቀቀውን አፓርትመንት እናጸዳለን፤ እሳቸው፣ እኔ እና ሌሎች ሁለት ሴቶች። ሥራ አጥቼ የሰው ሶፋ ላይ ስተኛ የቀጠሩኝ እሳቸው ናቸው። እንደ እናቴ ነው የማያቸው። ትምህርት ላይ እስከዚህም ነኝ፣ ምላስ ግን አላነሰኝም። «ያንተ ምላስ ቢከራይ ሬንትህን ይከፍል ነበር» ይሉኛል።

አንድ ቀን ሳንሆዜ ኪችን ስናጸዳ የሲንኩ ቧንቧ አፈሰሰና ወለሉ ውሃ በውሃ ሆነ። እኔ ቸኳይ፣ መወልወያ ከማመጣ ብዬ ለደረቅ አቧራ ብቻ በተሠራው ቫኪዩም ሳብኩት። ትንሽ አጓርቶ ጭስ አወጣ፣ ቀጥ አለ።

እትዬ ዘርፌ አልጮሁም። «ተወው፣ ሰው ይሳሳታል» አሉኝ። ዓርብ ቼኬን ሳየው ግን አራት መቶ ዶላር ጎድሏል።

«እትዬ፣ ይሄ ምንድነው?»

«የቫኪዩሙ ነዋ! ያበላሸ ይከፍላል። አሜሪካ እንዲህ ነው፣ ልመደው።»

ያ ብር ለትራክ መንጃ ፈቃድ ትምህርት መመዝገቢያ የያዝኩት ነበር። ምዝገባው አለፈኝ። ግን ከሶፋ ያነሱኝን ሰው በምን አፌ ልናገር? ዋጥኩት።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ እዚያው ሳንሆዜ፣ አንድ ሕንጻ ውስጥ ሠራተኞች ምሳ የሚበሉበት ክፍል ውሃ ልጠጣ ገባሁ። ግድግዳው ላይ ስለ ሠራተኛ መብት የሚያወራ ትልቅ ወረቀት ተለጥፏል። እንግሊዝኛው ግማሹ አልገባኝም፤ ከታች ያለው ቁጥር ላይ ግን ኮል አደረግኩ። አማርኛ አስተርጓሚ አገናኙኝ። ሴትዮዋ ረጋ ብላ አስረዳችኝ። ዕቃ በአጋጣሚ ቢሰበር ወይም ቢበላሽ አሠሪ ከደሞዝ መቁረጥ አይችልም። ሆን ብለህ ወይም ከልክ ባለፈ ግድየለሽነት ካላጠፋኸው ኪሳራው የእሱ ነው። «ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም፣ የቆየ ህግ ነው» አለችኝ።

ወደ ኦክላንድ ስንመለስ ቫኑን የሚነዱት እትዬ ዘርፌ ነበሩ፣ ከጎናቸው እኔ ብቻ ነኝ። 880 አውራ ጎዳና ላይ ትራፊኩ ቆሟል። አልቻልኩም፣ ፈነዳሁ።

«አንቺ ሌባ ነሽ!» አልኳቸው። በሕይወቴ አንቺ ብያቸው አላውቅም።

«ምን አልክ አንተ?»

«ብሬን ወስደሻል! ለተበላሸ ዕቃ ከደሞዝ መቁረጥ ህጉ አይፈቅድም። ደውዬ ጠይቄያለሁ።»

«አንተ ምላሳም! ሃያ ሁለት ዓመት ስኖር ያልሰማሁትን ህግ ትናንት መጥተህ ልታስተምረኝ?»

«ይሄው ቁጥሩ! ደውዪ፣ ባማርኛ ይነግሩሻል!»

ስልኬን አዩት፣ መንገዱን አዩት። ድምጻቸው ወረደ።

«አዲስ ህግ ነው?»

«የምን አዲስ! ድሮም የነበረ ነው።»

«ያኔም ነበረ ህጉ? እኔ ስመጣ?»

«ነበረ!» አልኩ፣ ድል እንዳደረገ ሰው።

ፍሬቻ አብርተው ሄይዋርድ ከተማ ኤግዚት ላይ ከአውራ ጎዳናው ወጡና አንድ ማደያ ጥግ ቆሙ። ሞተሩን አጠፉት። ሊያባርሩኝ ነው ብዬ የበሩን እጀታ ያዝኩ።

«አዲስ የመጣሁ ጊዜ ሳንሆዜ ሆቴል አጸዳ ነበር» አሉ፣ ወደኔ ሳይዞሩ። «አቧራ ስጠርግ በዚህ እጄ ገመዱን ሳብኩትና ቴሌቪዥኑ ወድቆ ተሰበረ። ከየቼኬ ቆረጡብኝ። እናቴ ወልድያ ታማ፣ ለቲኬት እያጠራቀምኩ ነበር። ከፍዬ ስጨርስ ተቀብራለች።»

የበሩን እጀታ ለቀቅኩት።

«ሃያ ዓመት ይሄን እጄን ስረግም ነው የኖርኩት፣ አንተ ልጅ። ቀስ ብትይ ኖሮ እናትሽን ትቀብሪ ነበር እያልኩ። ለካ የነሱ አልነበረም ብሩ።»

ፊታቸውን በዩኒፎርማቸው እጅጌ ጠረጉ። እኔ ያን ሁሉ ምላስ ይዤ «እትዬ» ብቻ አልኩ።

በሚቀጥለው ዓርብ አራት መቶዋ ቼኬ ላይ ተመልሳለች። ሁለቱ ሴቶችም ድሮ የተቆረጠባቸው ተመለሰላቸው። ያንን የመብት ወረቀት ከየት እንዳመጡት አላውቅም፣ ቫኑ በር ላይ ከውስጥ በኩል ለጥፈውታል። ከሁለቱ አንዷ መስታወት የሰበረች ቀን ልትነግራቸው ስትመጣ «እጅሽ ተቆረጠ እንዴ?» ብለው እጇን አገላብጠው አዩ። ስለ መስታወቱ ምንም አላሉም።

ብሬን በመጠየቄ አልጸጸትም። ነገም ቢቆረጥብኝ እጠይቃለሁ። ግን «ያኔም ነበረ?» ሲሉኝ «እኔ እንጃ» ማለት እችል ነበር። ማን ይጠይቀኝ ነበር? «ነበረ!» ያልኩባትን ሰዓት እስካሁን አስባታለሁ።

አሁን ቫኑን የምነዳው እኔ ነኝ። እትዬ ዘርፌ ከጎኔ ሆነው ስለ ሥራ፣ ስለ ሰው ያወራሉ፣ ይቀልዱብኛል። ሄይዋርድ ስንደርስ ግን ወሬያቸውን ያቆሙና ቀኝ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ገልብጠው ያዩታል። እኔ መንገዱን አያለሁ።