ልጄን ልመልስ ባዶ ሻንጣ ይዤ ወደ ስኪ ከተማ

ዓርብ፣ ንጋት ላይ፣ ሚኒያፖሊስ

ከሰፈሬ ከፊሊፕስ ስንነሳ ገና አልነጋም። ጎረቤቴ ገመቹ መኪናውን አሙቆ በሩ ላይ ይጠብቀኛል። አውቶቡሱ የሚነሳበት መሀል ከተማ ድረስ የሚያደርሰኝ እሱ ነው። ትልቁን ሻንጣዬን ሲያነሳው ቀለለውና ሳቀ።

"እትዬ በላይነሽ፣ ነፋስ ነው የጫኑት?"

ባዶ ነው አልኩት፤ የማሂ ዕቃ የሚመለስበት ነው። እንግዲያው እሑድ ቫኑን ይዤ እመጣለሁ አለ፤ ሁለት ሰውና የአንድ ዊንተር፣ የሙሉ በረዶ ወራት፣ ዕቃ በዚህች መኪና አይገባም።

ማሂ ያልኳችሁ ልጄ ማህሌት ናት። ሃያ ዓመቷ ነው። ሴይንት ፖል ነርስነት ትማር ነበር። በመስከረም "አንድ ዊንተር ብቻ" ብላ ትምህርቷን አቋርጣ ወደ ሰሜን ሄደች። ሆስቴል ቢሮ ውስጥ ነው የምሠራው፣ በትርፍ ጊዜዬ ስኪ፣ በረዶ ላይ መንሸራተት፣ እማራለሁ አለችኝ። አንድ ቀን ከተራራ ስትወርድ የሚያሳይ ቪዲዮ ላከችልኝ። ሦስት ጊዜ ከፈትኩት፤ አንዴም እስከ መጨረሻው አላየሁትም። እኔ እዚህ አገር በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ በረዶ አንሸራቶኝ የእጄ አንጓ ተሰብሯል። ከዚያ ወዲህ በበረዶ ላይ የምሄደው ዶሮ በጭቃ እንደምትሄደው ነው። ልጄ ታዲያ በዚያው በረዶ ላይ በፈቃዷ ትወረወራለች።

ለኪዳነ ምሕረት ጃንጥላ ተሳልኩ። ልጄን በሰላም መልሽልኝ፣ ሌላ አልጠይቅሽም ብዬ።

ዓርብ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሐይቁ ዳር

እስከ ዱሉት ከተማ ሦስት ሰዓት ያህል ፈጀብን። በመስኮት የሚታየው ጥድ፣ በረዶ፣ የነዳጅ ማደያ፣ ደግሞ ጥድ ነው። ዱሉት ላይ ቀኑ ጾም ነውና የተጠበሰ ድንች በሰባት ዶላር በላሁ። ድንቹ አሥራ አንድ ፍሬ ነበር። ከዚያ ወደ ላይ የሚሄደው ትንሽ ቫን ውስጥ ገባሁ። ሐይቁ በስተቀኝ ተዘርግቷል፤ ማዶው አይታይም፤ ዳርና ዳሩ በረዶ ሆኖ መሀሉ ይጨሳል።

ሹፌሯ በእጅ የተሠራ የክር ቆብ ያደረገች ሴት ናት። ስኪ ልትጫወቺ ነው? አለችኝ። ልጄን ላያት ነው አልኳት። ልመልሳት ነው የሚለው በእንግሊዝኛ አልመጣልኝም። ጥቂት ሄደን "ይኸው ተራራው" ብላ በጣቷ አሳየችኝ። እኔ የተወለድኩት መንዝ ነው። የመንዝ ሰው ይኼን ቢያይ ጉብታ ነው የሚለው። ግን በጉብታም ይወደቃል።

የከተማዋን ስም የማልጽፈው የልጄ አሠሪ እዚያው ስላለች ነው። አንድ መንገድ፣ አንድ ነዳጅ ማደያ፣ ስኪ የሚያከራዩ ሦስት ሱቆች፣ ከዚያ ከእንጨት የተሠራው ባለ አንድ ፎቅ ሆስቴል። ማሂ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ፊቷ በፀሐይ ጠቁሯል፣ ከንፈሯ ደርቋል፣ ክንዷ ጠንክሯል። አንቃ አቀፈችኝ።

በሩ አጠገብ የረጠበ ቦት ጫማ ተከምሯል። ቤቱ የእርጥብ ካልሲና የተቀቀለ ፓስታ ይሸታል። የአንድ ሌሊት አልጋ አርባ ሁለት ዶላር። ዶርሙ ውስጥ አራት ተደራራቢ አልጋ፣ ስምንት ሰው። የማሂ ታችኛው ነው፣ ለእኔ ለቅቃልኝ ከላዬ ወጣች። ፊት ለፊቴ ያለው አልጋ ላይ ደግሞ ወንድ ተቀምጧል።

ወንድና ሴት አንድ ክፍል? አልኳት በአማርኛ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

"ማሚ፣ ዶርም ነው። ሰው ይመጣል፣ ይተኛል፣ በቃ።"

ሰውየው ሰማንያ የሚጠጉ ሽማግሌ ናቸው። ዋልት ይባላሉ። ወገባቸውን ደግፈው ተነስተው ጨበጡኝ። በሁለቱም ጆሯቸው ትንንሽ የመስሚያ መሣሪያ አለ። ከሚስታቸው ጋር በየዓመቱ እዚህ ይመጡ ነበር፤ እሷ ካረፈች ወዲህ ብቻቸውን ይመጣሉ አለችኝ ማሂ። እኔ ግን ካፖርቴን ሳላወልቅ፣ ሻሼን አጥብቄ አስሬ ተኛሁ። እስኪነጋ ድረስ ከእሳቸው ማንኮራፋት በቀር የመጣብኝ ነገር የለም።

ቅዳሜ፣ ጠዋት

ስነቃ ማሂ የለችም። ኮሪደሩ ላይ የጋሪ ጎማ ሲንሲያጠጥ ሰማሁ። ያንን ድምፅ በእንቅልፌም አውቀዋለሁ፤ ብሉሚንግተን ሆቴል ውስጥ አሥራ አራት ዓመት የጽዳት ጋሪ ገፍቻለሁ። ወጥቼ ሳይ ልጄ ቢጫ ጓንት አጥልቃ፣ የቆሸሸ አንሶላ ታቅፋ ቆማለች። ቢሮ ያለችኝ ለካ ይኼ ነው። አልጋዋንም፣ ተራራው ላይ የሚያወጣትን ካርድም የሚሰጧት በየጠዋቱ እያጸዳች ኖሯል። አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ።

"እኔ በቀን አሥራ ስድስት ክፍል ያጸዳሁት አንቺ ይኼን ጋሪ እንዳትገፊ ነው" አልኳት።

ማሂ ስትናደድ በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ። ያን ቀን ግን ቃል እየፈለገች በአማርኛ መለሰችልኝ።

"ማሚ፣ አንቺ ለእኛ ብለሽ ነው የገፋሽው። እኔ ለራሴ ነው። አላፈርኩበትም። የዋሸሁሽ አንቺ እንዳታፍሪ ነው።"

 ሥራ ሲያዩ ዝም የማይሉት እጆቼ ጓንቱን ተቀበሏት። በአራት ሰዓት ተራራው ሥር ሕፃናትን ስኪ ታስተምራለች፣ እየረፈደባት ነው። ሂጂ፣ የቀረውን እኔ እጨርሰዋለሁ አልኳት። ጫማዋን እያሰረች ስለ አልጋዎቹ የሆነ ነገር ነገረችኝ፤ ወረቀትም ጋሪው ላይ ትታልኛለች። ማን ማንን ያስተምራል ብዬ አልሰማኋትም፤ ወረቀቱንም አላየሁትም። ወረቀቱ ላይ የነበረው የሚሄዱት ሰዎች አልጋ ቁጥር ነው። ሆስቴል ውስጥ የሚቆየው ሰው አልጋ አይነካም። በእኛ ሆቴል ግን ሁሉም ይነጠፋል።

ስምንቱንም ገፈፍኩ። የዋልት ትራስ ሥር የተጨማደደ ሶፍት ነበር። በእኛ ሥራ አልጋ ላይ የተገኘ ሶፍት አይፈታም፤ በመጀመሪያው ቀን የሚያስተምሩን እሱን ነው። በጓንት አንስቼ ቆሻሻው ውስጥ ጨመርኩ፣ ፌስታሉን አስሬ ከጓሮ ያለው ገንዳ ውስጥ ጣልኩት። አንሶላውን ጥግ ጥጉን አጥፌ ወጠርኩት፤ ክፍሉ አማረ።

ከዚያ ቀስ እያልኩ ተራራው ሥር ሄድኩ። ማሂ ከፊት፣ ሰባት ትንንሽ ልጆች እንደ ጫጩት ከኋላ፣ እየተጠማዘዙ ይወርዳሉ። ነጠላዬን ዓይኔ ላይ አደረግኩ። በነጠላው ውስጥም ይታያል። አንዱ ሕፃን ሲወድቅ ጎንበስ ብላ አነሳችውና አንድ ነገር አለችው፤ ልጁ እየሳቀ ሄደ። እሷም ሳቀች። ድምፁ እኔ ድረስ መጣ።

ቅዳሜ፣ ከምሳ በኋላ

ሾርባ እየጠጣን ሳለ ዋልት ከላይ ወረዱ። ስኪ ሲሄዱ ሄልሜቱ ስለሚጫናቸው የቀኝ ጆሯቸውን መሣሪያ አውልቀው፣ በሶፍት ጠቅልለው ትራሳቸው ሥር ነው የሚተዉት። ስንት ዓመት እንደዚያ ሲያደርጉ ማንም ነክቶባቸው አያውቅም። አሁን የለም። የሆስቴሉ ባለቤት ሊንዳ ማሂን ጠራቻት።

እንግሊዝኛዬ አጭር ነው። አንሶላ፣ ሶፍት፣ ቆሻሻ የሚሉትን ግን ማንም አይቀድመኝም። ማንኪያው እጄ ላይ ቀረ። ማሂ አንዴ አየችኝ። ገባት። ከዚያ ወደ ሊንዳ ዞራ፣ ክፍሉን ያጸዳሁት እኔ ነኝ፣ ይቅርታ አለች።

ሊንዳ አልጮኸችም። በዚህ ወር በሰዓት ጉዳይ ሁለቴ እንደነገረቻት፣ አሁን ደግሞ የእንግዳ ዕቃ መጣሉን ተናግራ፣ ነገ ከእናትሽ ጋር ብትሄጂ ይሻላል አለቻት።

ለምኜው የመጣሁት ይኸው ሆነ። የጣልኩት እኔ ነኝ አላልኩም።

ላይ ወጥተን ማሂ ሻንጣውን ከፍታ ልብሷን ማጠፍ ጀመረች። እኔ ካልሲዋን አቀብላታለሁ። አልዋሻችሁም፣ ሻንጣው እስኪጋመስ ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር። ስለቴ ሠመረ ብያለሁ። ለምን አልተናገርሽብኝም? አልኳት በኋላ።

"ዘጠኝ ዓመቴ ሆኖ ሥራ ይዘሽኝ ሄድሽ፣ ቅዳሜ ቀን። ሱፐርቫይዘርሽ ስለ አንሶላ ተቆጣችሽ። እኔ አጠገብሽ ቆሜ ዝም አልኩ።" ሹራቧን አጠፈች። "ሁለተኛ ማየት አልፈልግም።"

ያንን ቀን የምታስታውሰው አይመስለኝም ነበር።

ደረጃውን ወረድኩ። በአሥራ አራት ዓመት ሳይጠሩኝ የአለቃ በር አንኳኩቼ አላውቅም። አንኳኳሁ። "ማሂ ኖ ክሊን። ሚ። አይ ትሮው" አልኳት፤ ያጸዳሁትም የጣልኩትም እኔ ነኝ ማለቴ ነው። ሊንዳ በርኅራኄ አየችኝ። ጥሩ እናት ነሽ አለችኝ። የትኛዋ እናት ናት እንደዚያ የማትል? አላመነችኝም።

እጇን ያዝኩና ጎተትኳት። ያለ ካፖርት ጓሮ ወጣን፤ ማሂም ከኋላችን ሮጠች። ገንዳው ውስጥ ሃያ የሚሆኑ ጥቁር ፌስታሎች አሉ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። ማሂ ስታስር እንደ ጫማ ክር ነው፣ ሁለት ጆሮ ታወጣለች። እኔ አንገቱን ሁለቴ ጠምዝዤ ጫፉን ከሥር እወትፈዋለሁ፤ እንደዚያ የታሰረ አይፈስም። ገንዳው ውስጥ አንድ ብቻ ነበር እንደዚያ የታሰረው። አወጣሁት። ሊንዳ የእኔን ቋጠሮ አየች፣ የማሂንም አየች። ቁጭ ብላ አብራኝ ትፈልግ ጀመር።

ሶፍቱን አንድ በአንድ በረዶው ላይ ፈታሁ። ጣቴ ሊታዘዘኝ አልቻለም። ስድስተኛው ውስጥ የሻይ ቀለም ያላት ትንሽ ነገር ተገኘች።

ዋልት ጆሯቸው ላይ ሲያደርጓት አፏጨች። ቀስ ብለው አንድ ነገር ነገሩኝ፣ ማሂ ተረጎመችልኝ። አንሶላ እንዲህ ወጥሮ የሚያነጥፍላቸው ሰው ከሚስታቸው ወዲህ አላዩም፤ ሌላ ጊዜ ግን እባክሽ አትንኪብኝ ነው የሚሉት።

ሊንዳ ማሂን ስለ ሰዓቷ ደግማ አስጠነቀቀቻት። በዚያስ እውነቷን ነው። ሥራሽም አልጋሽም ግን አለ አለቻት። ካልሲዎቹን መልሼ መሳቢያ ውስጥ የከተትኩት ራሴ ነኝ።

እሑድ፣ ማታ፣ ሚኒያፖሊስ

ወደ ዱሉት የሚወርደው ቫን ድረስ ማሂ ሸኘችኝ። በረዶ ላይ ስሄድ ክንዴን ይዛ፣ "ማሚ፣ አትፍሪልኝ" አለችኝ።

"መፍራቱን አልተውም። አንቺ መደወሉን እንዳትተዪ።"

መንገዱን ሁሉ ስለ ጃንጥላዬ አሰብኩ። አስገባዋለሁ። ስለቱ በምን እንደ ሠመረ ኪዳነ ምሕረት እሷው ታውቃለች።

ሚኒያፖሊስ ስደርስ ገመቹ እንደ ቃሉ የራሱን ቫን ይዞ፣ የኋላውን ወንበር አጥፎ መጥቷል። የተሞላ መስሎት ሻንጣውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ እግሩን አንፈራጦ ባለ በሌለ ኃይሉ ሳበው። ሻንጣው ብድግ አለና እሱ ወደ ኋላ ተንገዳገደ።

"እትዬ፣ ባዶ ነው እኮ። ልጅቷስ?"

"ሥራ ላይ ናት" አልኩት።