በመስመር ላይ የቆመች አበባ

የያዙኝ በእርሳስ ምክንያት ነው። ልደታ ማርያም አጥር ሥር ተቀምጬ የቤተ ክርስቲያኑን በር ስስል አንድ የጣሊያን ወታደር ከኋላዬ ቆመ። ከእሱ ጋር የነበረው አስተርጓሚ ሥዕል ማን እንዳስተማረኝ ጠየቀኝ።

«ማንም» አልኩ። እውነቴን ነበር፤ አላመኑኝም። የሰፈሩን ካርታ የማነሳ መስሏቸው ወረቀቱንም እርሳሱንም ወሰዱ። በኮቴ ጠርዝ ውስጥ የገባችውን የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቁራጭ እርሳስ ግን አላገኙም።

ያሰሩኝ እዚያው ልደታ፣ ቀድሞ የቆዳ መጋዘን በነበረ ቤት ነው። ቆዳው ወጥቷል፤ ሽታው አልወጣም። ብርሃን የሚገባው ከጣራው ሥር ካለች ስንዝር ከማትሞላ ቀዳዳ ነበር። ውስጥ አንድ ሰው ብቻ አገኘሁ፤ ብራና ላይ የሚጽፉ፣ ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ ቁም ጸሐፊ። የኔታ እላቸው ነበር።

ቤተሰብ ማየት ክልክል ነው። ምግብ በዘበኛው እጅ ይገባል፤ ባዶው አገልግል ይመለሳል። ለእንቁጣጣሽ ሦስት ቀን ሲቀረው ዘበኛው አገልግሉን አስቀምጦ በሩ ላይ ዘገየ።

«አባባ፣ ልጅዎ አባቴ ሞቷል ብላ እህል አልቀምስም ብላለች። ሚስትዎ ነች የነገረችኝ።»

«አለ በላት እንጂ!» አሉ የኔታ።

«ብያታለሁ። ከዚህ ቀደም እዚህ ለሞተው እስረኛም ሞቱን ሳትናገሩ ሳምንት ሙሉ ምግብ ስትቀበሉ ነበር አለችኝ።» መሬት መሬቱን አየ። «ደብዳቤ ደግሞ አይሞከርም። አንዲት ፊደል ከተገኘች እርስዎም እኔም አንተርፍም።»

ዕድሜ ልካቸውን ሲጽፉ የኖሩት ሰው አንዲት ፊደል መላክ አልቻሉም። ቁራጭ እርሳሴን አውጥቼ አሳየኋቸው።

«አበባ እንላክላት» አልኩ። በርበሬ ተጠቅልሎ በመጣበት ወረቀት ግማሽ ላይ ዐደይ አበባ ሳልኩ። ስምንቱም ቅጠል እኩል ነበር።

ወደ ብርሃኑ አስጠግተው አዩት። «ያማረ ነው። ግን ያንተ ነው። እኔን አስተምረኝ።»

«መጀመሪያ መሐሉ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ክብ ያድርጉ። እርሳሱን አይጫኑት።»

የኔታ ክቡን ትተው በአውራ ጣታቸው ጥፍር ተቀዶ በቀረው ግማሽ ወረቀት ላይ ከዳር እስከ ዳር መስመር አሰመሩ። ከዚያ ሁለተኛ። ከዚያ ሦስተኛ።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«ሳላሰምር እጄ አይሄድም።»

«የኔታ፣ አበባ እኮ መስመር ላይ አይቆምም!»

«የኔ ይቆማል። ቀጥል።»

ላይና ታች፣ ግራና ቀኝ አራት ቅጠል፤ ከዚያ በየመሐላቸው አንድ አንድ። እንዲህ ነበር ያልኳቸው። እሳቸው ግን ቅጠሉን እንደ ፊደል ከላይ ጀምረው ወደ ታች ያወርዱታል፤ መጨረሻው ላይ ጫን ይሉታል። ግንዱ እንደ ምሰሶ ቀጥ አለ። መስመሮቹን ላጠፋላቸው ብዬ በእንጀራ ፍርፋሪ ፈተግኳቸው። የጥፍር ጭረት ነውና አልጠፉም። ተናደድኩ።

ዘበኛው ወረቀቱን ገልብጦ አየ።

«ጎመን ነው?»

«አበባ ነው» አሉ የኔታ።

«እንኳን ነገሩኝ!» ሳቀና ባዶው አገልግል ውስጥ ከተተው።

በማግስቱ ክዳኑን ስንከፍት ያው ወረቀት ያለ መስሎኝ ደነገጥኩ። ሌላ ነበር። በከሰል የተሳለች ጠማማ አበባ፣ ቅጠሏ አምስት። የኔታ ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አዘነበሉት፤ በጣታቸው ዳሰሱት። ከአበባዋ ሥር በጥፍር የተሰመሩ ሦስት መስመሮች ነበሩ።

«ብራና ሳሰምር ማስመሪያውን የምትይዝልኝ ልጄ ናት» አሉ።

አገልግሉ ታች በኩል እንጀራው ጥግ ላይ ትንሽ ተገምጧል። የልጅ ጥርስ ነው። የኔታ በመጠጥ ውኃችን ፊታቸውን ታጠቡ፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ለበሱ። በዓሉ ገና ሁለት ቀን ቢቀረውም እንኳን አደረሰህ አሉኝ። የመጀመሪያውን ጉርሻም ለእኔ ሰጡኝ።

ከተፈታን ወዲህ ልደታ ውስጥ ለጀማሪዎች ሥዕል አስተምራለሁ። ክቡን፣ አራቱን ቅጠል፣ ከዚያ በየመሐሉ ያሉትን። እጁ ወደ ለመደው ነገር የሚሄድበት ተማሪ ሲያጋጥመኝ ላጲሱን ከአጠገቡ አነሳለሁ። የየኔታ ልጅ የላከቻት አበባ ዛሬም እቤታቸው አለች፤ ባለፈው ስሄድ አይቻታለሁ። ያቺ ስምንት ቅጠሏ እኩል የሆነችው የእኔ አበባ የት እንደወደቀች ግን አላውቅም።